ዘጠኝ ከተማ በአሥራ ስድስት ቀን፦ ከለገጣፎ ለጻፉልን ጠያቂ የተሰጠ መልስ

የደብዳቤው ፍሬ ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ «ከባለቤቴና ከዘጠኝ ዓመት ልጃችን ጋር ለገጣፎ እንኖራለን። እኔ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ የእንጨት ሥራ ድርጅት አለው። ከተጋባን አሥራ አምስት ዓመት ስለሚሞላን በመጪው ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓን ለማየት ቆርጠናል፤ ዕቁብም ወጥቶልናል። ባለቤቴ ‹አንዴ ከተወጣ አይቀር› ብሎ ፍራንክፈርት፣ አምስተርዳም፣ ብራስልስ፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ዙሪክ፣ ሚላኖ፣ ቬኒስና ሮም እያለ ዘጠኝ ከተማ መዝግቧል። ያለን ጊዜ አሥራ ስድስት ቀን ብቻ ነው። ፍራንክፈርት የምትኖረው እህቱ ደግሞ ከእሷ ቤት ሌላ የትም እንዳናድር ትፈልጋለች። እኔ ልጄ እንዳትጎሳቆልብኝ እሰጋለሁ፤ ቪዛውንም ከየትኛው ኤምባሲ እንደምንጠይቅ ግራ ገብቶናል። ምን ትመክሩናላችሁ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

አስቀድሜ ለአሥራ አምስተኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችሁ እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ሁለታችሁም ትክክል ሆናችሁ አገኘኋችሁ። ባለቤትዎ ይህ ዕድል ዳግመኛ ላይገኝ ይችላል ብለው ለእያንዳንዱ ከተማ መሳሳታቸው ተገቢ ነው፤ እርስዎም ልጅዎ ከባቡር ጣቢያ ወደ ባቡር ጣቢያ ስትጎተት እንዳትደክም መስጋትዎ ተገቢ ነው። ሁለቱን ሐሳብ የሚያስታርቀው ከተማ መቁጠርን ትቶ ሌሊት መቁጠር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ምክሬን ከፊት አስቀምጬ ምክንያቱን ከኋላ አስከትላለሁ፦ ሦስት ከተማ ብቻ ያዙ፤ ፍራንክፈርት ሰባት ሌሊት፣ ፓሪስ ሦስት ሌሊት፣ ሮም አምስት ሌሊት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል።

አሥራ ስድስት ቀን ማለት አሥራ አምስት ሌሊት ነው። ዘጠኝ ከተማ ስምንት ጊዜ ሻንጣ መሸከፍን፣ ስምንት ጊዜ ቁልፍ መመለስን፣ ስምንት ጊዜ በማያውቁት ጣቢያ መንገድ መጠየቅን ይጠይቃል። አብዛኞቹ ሆቴሎች በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት በፊት ክፍል አይሰጡም፤ የቀድሞውን ክፍል ግን ከረፋዱ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ማስረከብ ግዴታ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ከሻንጣ ጋር የሚያልፍ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር አንድ የከተማ ለውጥ ቢያንስ የግማሽ ቀን ዋጋ አለው፤ ስምንቱ ለውጦች አራት ሙሉ ቀን ይበሏችኋል፤ በሌሊት በረራ ደክማችሁ የምትደርሱበትን የመጀመሪያ ቀን ሲጨምሩበት ደግሞ አምስት ይሆናል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ከታላቅ እህቴ ጋር በአሥራ ሁለት ቀን ሰባት ከተማ ዞሬያለሁ። ዛሬ ስለዚያ ጉዞ ስጠየቅ በግልጽ የማስታውሰው እህቴ በአንድ ጣቢያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ «ዛሬ የት ነን?» ብላ የጠየቀችኝን ነው። ለዓመታት ያጠራቀመችው ገንዘብ ነበር፤ ሐዘኑ እስካሁን አልወጣልኝም። በእናንተ ላይ እንዳይደርስ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከዘጠኙ ከተሞች በመጀመሪያ መሰረዝ ያለባት ለንደን ናት፤ ምክንያቱ ደግሞ የጊዜ ብቻ አይደለም። የሼንገን ቪዛ ዛሬ በሃያ ዘጠኝ አገሮች ያሠራል፤ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ሆላንድ፣ እንዲሁም የአውሮፓ ኅብረት አባል ያልሆነችው ስዊዘርላንድ ጭምር በውስጡ አሉ። ብሪታንያና አየርላንድ ግን ከዚህ ውጪ ናቸው፤ ለእነሱ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያና ሌላ የጥበቃ ጊዜ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀርቷል፤ የማመልከቻ መልስ መስጫ ጊዜውም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። እንግዲህ የሚሰጣችሁ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ከፓሪስ ወደ ለንደን በተሻገራችሁበት ሰዓት ተጠቅማችሁ ጨረሳችሁት ማለት ነው፤ ወደ ሮም የሚመልሳችሁ በር የለም። ከፍራንክፈርት ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስም ወደ ሮም መሄድ ግን በአንዱ ቪዛ ክልል ውስጥ መንቀሳቀስ ስለሆነ እንደ መውጣት አይቆጠርም።

የየትኛው ኤምባሲ የሚለው ጥያቄዎ ከጉዞው ዕቅድ የሚለይ አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም ሁለቱን ለያይተው ሲያዩ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ማመልከቻው የሚቀርበው ዋና መዳረሻ ለሆነው አገር ነው፤ የመጡበት ጉዳይ ተመሳሳይ ከሆነ ዋና መዳረሻ የሚባለው ብዙ ቀን የሚቆዩበት አገር ሲሆን ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚገቡበት አገር ይሆናል። ባለቤትዎ የመዘገቡት ዝርዝር ለእያንዳንዱ አገር አንድና ሁለት ሌሊት ብቻ የሚያደርስ ስለሆነ ማመልከቻውን የሚመለከተው ሰው «እነዚህ ሰዎች በእርግጥ የት ነው የሚሄዱት?» ብሎ ቢጠይቅ አጥጋቢ መልስ አያገኝም። እኔ ባቀረብኩት አከፋፈል ግን ጀርመን ሰባት ሌሊት በመያዝ ትበልጣለች፤ መጀመሪያ የምትገቡባትም እሷ ናት፤ የሚጋብዛችሁ ዘመድም ያለው እዚያው ነው። ሦስቱም ምክንያት ወደ አንድ ኤምባሲ ስለሚያመለክት ለጀርመን ታመለክታላችሁ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እህት ልምጣ፤ ከቪዛው ይልቅ ያስጨነቅዎ እሱ መሆኑን ከአጻጻፍዎ ተረድቻለሁና። በሰው አገር ለዓመታት የኖረች እህት ወንድሟ ሊመጣላት ነው ሲባል «ከእኔ ቤት ሌላ የትም አታድሩም» ማለቷ ከናፍቆት የመነጨ ነው። ሰባት ሌሊት ሰጥታችኋት ፓሪስና ሮም ስትሄዱ ቅር እንዳትሰኝ ይሉኝታ እንደያዛችሁም ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ወሬ ፍራንክፈርት ከደረሳችሁ በኋላ በእራት ላይ ከሚሰማ ይልቅ ዛሬ፣ ከወራት በፊት፣ በባለቤትዎ አንደበት ቢነገራት እጅግ የተሻለ ነው። እሷም ብትሆን ሠራተኛ ናት፤ ጀርመን ውስጥ የዓመት ፈቃድ ከወራት በፊት ተነጋግሮ የሚያዝ ነውና ቀኑን አስቀድማ ስታውቅ ሁለትና ሦስት ቀን ለእናንተ ብላ መውሰድ ትችላለች። በሥራ ቀኖቿ ደግሞ እናንተ በባቡር ወደ አቅራቢያ ከተሞች ውላችሁ ትመለሳላችሁ፤ ማታ ማታ አብራችሁ ትሆናላችሁ። የቤት አስቤዛውን ተራ ገብታችሁ ግዙ፤ እሁድ ሱቆች ዝግ ስለሆኑ ቅዳሜን አትርሱ። ሰባት ሌሊት ለናፍቆት አያንስም፤ እንግድነቱም ሸክም ሳይሆን ያልቃል።

ጉዞውን ከእሷ ቤት እንድትጀምሩ የምመክረው ስለ ቪዛው ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ግማሹ የሰው አደራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ ዳቦ ቆሎው በመጀመሪያው ቀን ከተራገፈ ወደ ፓሪስና ሮም በቀላል ሻንጣ ትሄዳላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ለሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። ስለዚህ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ምንም ያህል ቢለመኑ አይያዙ፤ በቅቤ የታሸ ነገርም ቢሆን ይቅር። እንደ ጤና አዳምና በሶብላ ያለ ትኩስ ቅጠልም ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም። ሲወረስ የሚሰማው ኀፍረት አንድ ነገር ነው፤ ከሌሊት በረራ በኋላ ልጅ ይዞ በጉምሩክ ጠረጴዛ ፊት መቆም ደግሞ ሌላ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ልጅዎ ትምህርት የምትዘጋው በክረምት ስለሆነ ምርጫችሁ ጠባብ ነው። እኔ የምመርጠው ከሐምሌ 5 በኋላና ከነሐሴ 1 በፊት ያለውን ጊዜ ነው። የሐዋርያት ጾም በሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ በነሐሴ 1 ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ከረቡዕና ዓርብ በቀር በጾም ምግብ ፍለጋ አትቸገሩም። ቤተሰባችሁ ጾም የማይጾም ከሆነም ከነሐሴ መጀመሪያ በፊት መመለሱ አይጎዳም፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ላይ ለሚውለው በዓል ብዙ ጣሊያናውያን ቤታቸውንም ሱቃቸውንም ዘግተው ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉና። በዚህ መሠረት ሐምሌ 7 ሌሊት ተነሥታችሁ ሐምሌ 8 ማለዳ ፍራንክፈርት ትደርሳላችሁ፤ ሐምሌ 15 ወደ ፓሪስ፣ ሐምሌ 18 ወደ ሮም ትሻገራላችሁ፤ ሐምሌ 23 ከሮም ወደ ቤታችሁ ትነሣላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ፍራንክፈርትም ወደ ሮምም ስለሚበር የደርሶ መልስ ትኬቱን በአንዱ ከተማ ገብቶ በሌላው በመውጣት መልክ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ለትኬት ቢሮው ይህንኑ ቃል በቃል ንገሩት፤ አለዚያ ከሮም ወደ ፍራንክፈርት ለመመለስ አንድ ቀንና የሦስት ሰው መጓጓዣ ታባክናላችሁ።

ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። መልስ እስከ 45 ቀን ሊቆይ እንደሚችል፣ ቀጠሮ ለማግኘትም ሳምንታት እንደሚፈጅ ስታስቡ የካቲትን ወረቀት መሰብሰቢያ አድርጋችሁ መጋቢት መጨረሻ ላይ ብታስገቡ ልባችሁ ያርፋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከስድስት እስከ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ለሦስታችሁ 225 ዩሮ ይሆናል፤ ማመልከቻ የሚቀበለው ድርጅት የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ለብቻው ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ፓስፖርታችሁ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ ጤና ኢንሹራንሱ በመላው የሼንገን ክልል የሚሠራና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ቀኑም የጉዞውን ሙሉ ጊዜ ይሸፍን።

ከወረቀቶቹ ሁሉ አጥብቄ መናገር የምፈልገው ስለ ዕቁቡ ነው። በባንክ ሂሳባችሁ ላይ ለወራት ትንሽ ትንሽ ሲገባና ሲወጣ ቆይቶ ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ብዙ ገንዘብ ድንገት ቢታይ መርማሪው ገንዘቡ የእናንተ መሆኑን ይጠራጠራል፤ ለማስመሰል የተበደራችሁት ይመስለዋል። ስለዚህ የዕቁቡን ገንዘብ ሳትዘገዩ ወደ ባንክ አስገቡት፤ የዕቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊ የፈረሙበት፣ መቼ እንደገባችሁ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ስንት ስትጥሉ እንደነበርና መቼ እንደወጣላችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፋችሁ አስተርጉሙት። ዕቁብ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር አብራሩ፤ እውነት የሆነ ነገር በግልጽ ሲጻፍ ያስረዳል። ከዚህ በተረፈ የእርስዎ የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ ትምህርት ቤቱ በመስከረም እንደሚጠብቅዎ የሚናገር ይሁን፤ የባለቤትዎ የንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ከወሳኝ ኩነት የወጣ የልጅዎ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ ካላችሁ እሱም ይያያዝ። የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በሁሉም ላይ እንደ ፓስፖርቱ መሆኑን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የባለቤትዎ እህት ደግሞ ከግብዣ ደብዳቤው ሌላ በምትኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርባ ወጪያችሁን በኃላፊነት የምትወስድበትን ሕጋዊ ሰነድ ልታወጣላችሁ ትችላለች፤ ገቢዋ ከፈቀደላት ትልቅ ድጋፍ ነው። በመገናኛ አካባቢም ሆነ በሰፈራችሁ «ሰነድ እናሟላለን፣ ቪዛ እናስመታለን» የሚል ደላላ ቢገጥማችሁ እለምናችኋለሁ፣ አትስሙት። የሐሰት ሰነድ የቀረበበት ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል፤ መዝገቡም ሁሉም የሼንገን አገሮች በሚያዩት የጋራ የቪዛ መረጃ ቋት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ቪዛው በእጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ገንዘብ አትክፈሉ። ለማመልከቻው የአውሮፕላን ቦታ ማስያዣና ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል የሆቴል ማስያዣ ይበቃል፤ የባቡሩንና ከፓሪስ ሮም የሚወስደውን በረራ ትኬት ቪዛው እንደወጣ በማግሥቱ ግዙ። የአውሮፓ ፈጣን ባቡሮች ዋጋ እንደ አውሮፕላን ትኬት የጉዞው ቀን ሲቀርብ የሚወደድ ስለሆነ ከዚያ በላይ ማዘግየቱ ይጎዳል።

ባለቤትዎ ከዝርዝራቸው ስድስት ከተማ ሲሰረዝ ልባቸው እንዳይሰበር አንድ መላ አለ፤ አልጋ ሳይቀይሩ ከተማ ማየት። ከፍራንክፈርት ኮሎኝ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ከጣቢያው በር ስትወጡ 157 ሜትር ከፍታ ያለው ካቴድራል ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ግንባታው በ1248 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ የተፈጸመው በ1880 ነው፤ ከመቅደሱ በስተጀርባ ያለው ትልቅ የወርቅ ሣጥን ደግሞ ምዕራባውያን የሰብአ ሰገል ዐፅም ነው ብለው የሚያከብሩትን ይዟል። ልደት በመጣ ቁጥር የሰብአ ሰገልን ታሪክ ለምትሰማ ልጅ ይህ ከማንኛውም ሕንፃ በላይ ትርጉም ይኖረዋል። በሌላ ቀን ሃይደልበርግ ሄዳችሁ በኮረብታ ላይ የፈረሰውን ቤተ መንግሥት አይታችሁ ለእራት ትመለሳላችሁ። ፍራንክፈርትም ራሷ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለችም። በ17ኛው መቶ ዘመን የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ግእዝና አማርኛ ያስተማሩት ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ዕድሜውን የፈጸመው በዚህች ከተማ ነው፤ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 እ.ኤ.አ. ያሳተመውም እዚሁ ነው። እርስዎ መምህርት ነዎትና ይህን ለልጅዎ በባቡሩ መስኮት ላይ ሆነው እንደሚተርኩላት አልጠራጠርም።

ከፍራንክፈርት ፓሪስ ቀጥታ የሚሄደው ባቡር አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከከተማ መሃል ተነሥቶ ከተማ መሃል ስለሚያደርስ ከአውሮፕላን ይሻላል። አልፎ አልፎ ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚፈትሽ ፓስፖርት ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከእጅ አይራቅ። በፓሪስ ሦስት ሌሊት ስላላችሁ በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ እዩ፦ አንዱን ቀን ለሉቭር ሙዚየም፣ አንዱን በ2019 እ.ኤ.አ. ተቃጥሎ በኅዳር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዳግም ለተከፈተው የኖትርዳም ካቴድራልና ለሴን ወንዝ ዳርቻ፣ የቀረውን ለኤፌል ማማ። ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይገባሉ፤ ይሁንና የመግቢያው ሰዓት አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ አለበት። ከፓሪስ ወደ ሮም ግን በባቡር ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ የሁለት ሰዓቱን በረራ ውሰዱ። ርካሽ ትኬት ስታገኙ የመነሻውን ስም አንብቡ፤ አንዳንዶቹ የሚነሡት ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ከቦቬ ነውና፣ ለአውቶቡሱ የምትከፍሉትና የምታጠፉት ሰዓት ቅናሹን ይበላዋል።

ሮምን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ከሦስቱ ሁሉ የምትበልጥ ስለሆነች ነው፤ ይህንንም ሳላወላውል እናገራለሁ። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በር ስትወጡ የምትቆሙበት ሰፊ አደባባይ «የአምስቱ መቶ» ይባላል። አምስቱ መቶ የተባሉት በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር ወታደሮች ናቸው፤ በስማቸው የቆመው ሐውልትም ከዚያው አቅራቢያ አለ። ወደ ኮሎሲየም ከሄዳችሁ በኋላ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ወዳለበት አደባባይ ውረዱ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ የነበረው የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት፣ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ያለፈው በዚህ ሐውልት አጠገብ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰውም ከኮሎሲየም ጎን ባለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። ከሐውልቱ ስፍራ እስከ ቅስቱ በእግር ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ልጅዎን ይዛችሁ በዚያ መንገድ ሂዱ፤ ከፈለገች ትሩጠው። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሉዶልፍ በ1649 እ.ኤ.አ. አባ ጎርጎርዮስን ያገኛቸው እዚያ ነው፤ ስለዚህ በፍራንክፈርት የጀመራችሁት ታሪክ ምንጩ ላይ ትደርሳላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ለአላፊ አግዳሚ ክፍት ስላልሆነ ለማየት የምትፈልጉ ከሆነ በዚያው ቅጥር ያለውን የኢትዮጵያ ኮሌጅ ከወራት በፊት በደብዳቤ ጠይቁ፤ ባይሳካ ባዚሊካው ራሱ በነፃ ይገባል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው።

የሮም ሐምሌ ከለገጣፎ ሐምሌ ጋር አይገናኝም፤ እናንተ ጭቃና ጉም ትታችሁ ስትሄዱ እዚያ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ማለዳ ውጡ፣ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ልጅቱን አሳርፉ፣ ማታ ደግሞ እንደገና ውጡ። በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስሱት ቧንቧዎች ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው፤ ውሃቸው ንጹሕ ስለሆነ ኮዳ ይዛችሁ ከእነሱ ቅዱ። ከአምስቱ ቀን አንዱን ለፍሎረንስ ስጡ፤ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሆነ ውላችሁ ትገባላችሁ። ቬኒስ ግን ለደርሶ መልስ ትርቃለች፤ እሷን ለሌላ ጊዜ ማቆየቱ ይሻላል።

አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ሰው ባቡር አሳጥቷል፤ የሰዓት አቆጣጠር። ትኬት ላይ 07:05 ተብሎ ሲጻፍ በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ነው፤ 19:05 ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአምስት። በክረምት ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ፀሐይም በፍራንክፈርትና በፓሪስ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ብርሃኑን አይቶ ጊዜን መገመት አይቻልም፤ ልጅቱንም በብርሃን እንድትተኛ ማስለመድ ይኖርባችኋል። ከመነሣታችሁ በፊት የሁሉንም ትኬት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ቀኑንም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር።

የውጭ ምንዛሪውን ቪዛችሁንና ትኬታችሁን ይዛችሁ ከባንካችሁ በሕጋዊ መንገድ ግዙ፤ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድም አብራችሁ ጠይቁ፤ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ቦርሳ አትያዙ። በተርሚኒ ጣቢያና በፓሪስ የምድር ውስጥ ባቡር ኪስ አውላቂዎች ስለሚበዙ ፓስፖርቱ በደረት ላይ በሚንጠለጠል ከረጢት ይሁን።

የበረራው ሌሊት ከለገጣፎ እስከ ቦሌ ያለውን መንገድ አትናቁት፤ በክረምት ዝናብ ሲኤምሲና መገናኛ ላይ የሚቆም መኪና ስንት ሰዓት እንደሚበላ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ አየር ማረፊያ ለመገኘት ከቤት ከዚያም በፊት ውጡ። ፍራንክፈርት ስትደርሱም የድንበር ፖሊስ በአዲሱ የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ መሠረት ፎቶግራፍ ስለሚያነሣ ሰልፉ ሊረዝም እንደሚችል ሊቀበላችሁ ለሚመጣው ሰው ንገሩት።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን በዚህ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የባለቤትዎ እህት ቤት በምትሆንበት ሰዓት፣ ሦስታችሁም ስልኩ ዙሪያ ተቀምጣችሁ ደውሉላት። ሐምሌ 8 ማለዳ እንደምትደርሱ፣ ሰባቱም የመጀመሪያ ሌሊቶች የእሷ እንደሆኑ ባለቤትዎ ይንገሯት፤ ፈቃዷን እንድትጠይቅና የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮውን ቀጠሮ ከወዲሁ እንድትይዝም አደራ በሏት። ቅቤ ላኩልኝ ካለች ልጅቱ ትመልስላት።